የባሮንና የጊሎን ውሃ በየዕለቱ ስለ መለካት

በሚዛን ተፈሪ፥ በቴፒና በማሻ አገር ውሃ ብርቅ አይደለም። ዝናሙ በብዙው ስፍራ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስም ረጅም ጊዜ ሳያርፍ ይዘንባል። ስለዚህ በዚያ አገር የሚሾም ሰው መንገዱ ስለ መጨቅየቱ፥ ድልድዩ ስለ መወሰዱ፥ ቡናው በአልጋው ላይ ስለ መርጠቡ ብዙ አቤቱታ ይሰማል፤ የወንዙ ልክ ስንት እንደ ሆነ ግን የሚጠይቀው ሰው አያገኝም። ጉድለት ካልታየ ማንም መስፈሪያ አያነሣምና። ጎተራው የሞላለት ገበሬ ቍና አይፈልግም፤ ቍና የሚፈልገው ሲያበድርና ሲያካፍል ነው። የደቡብ ምዕራብ ወንዞችም የሚካፈሉበት ዘመን ደርሶአል፤ ቍናው ግን ገና በእጅ አልገባም።

የውሃው መንገድ እንዲህ ነው። ጊሎ ከሚዛን ተፈሪ አቅራቢያ ካሉት ተራሮች ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ይወርዳል፤ በጋምቤላ ሜዳ ታታ በተባለው ሐይቅ አልፎ ከፒቦር ጋራ ይገናኛል። ከእርሱ በስተ ደቡብ አኮቦ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን ድንበር ሆኖ ይሄዳል፤ እርሱም ወደ ፒቦር ይገባል። ባሮ ብርብርና ጌባ ከሚገናኙበት ተወልዶ በጋምቤላ ከተማ ያልፋል፤ ከፒቦር ጋራ ሲቀላቀልም ስሙ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም በማላካል አጠገብ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። በተራራው ጀርባ በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ውሃ ግን ጎጀብን ተከትሎ ወደ ኦሞ፥ ከኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል። እንግዲህ ከአንድ ጫካ የተነሣው ውሃ በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ እስከ ሜዲቴራኒያን ባሕር የሚያደርስ መንገድ ሲይዝ ሁለተኛው መውጫ በሌለው ሐይቅ ይቀራል።

ሶባት ለነጭ ዓባይ የሚሰጠው ውሃ በአማካይ በዓመት 13 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው። ይህም ነጭ ዓባይ ማላካልን አልፎ ከሚያወርደው ውሃ ከግማሹ ጥቂት ቢያንስ ነው፤ ከታላላቆቹ የመካከለኛው አፍሪካ ሐይቆች የሚመጣው ውሃ በሱድ ረግረግ ውስጥ ግማሹ ያህል ይጠፋልና። ይህን ቁጥር የሚሰማ የወረዳ ሹም ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ይህን ያህል ነው ብሎ የሰፈረው ማን ነው? የሚል ነው።

መልሱ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓመተ ምሕረት ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በተዋዋሉት ውል ንጉሠ ነገሥቱ በጥቁር ዓባይ፥ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውሃውን መውረድ የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋራ ሳይስማሙ እንዳይሠሩ ተጻፈ። በዚያው ውል በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተፈቀደ፤ በወንዙ ዳር ያለው ርዝመት ከ2,000 ሜትር፥ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከዚህ የተነሣ የጋምቤላ ጣቢያ ተቋቋመ። በሶባት ላይ እንዳይሠራ የተዋዋለው ወገን የሶባትን ልክ የሚያውቅበት አንድ መዝገብ እንኳ አልነበረውም፤ ያዋዋለው ወገን ግን ብዙ ሳይቆይ በጋምቤላ የውሃ ከፍታ መለኪያ በትር ተክሎ ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ይጽፍ ጀመር።

የጋምቤላ ነጋዴዎችም የመለኪያው ነገር ያገባቸው ነበር። ከጎሬ በበቅሎና በሰው ሸክም ወርዶ የሚከማቸው ቡና ወደ ካርቱም የሚጫነው በእንፋሎት በሚሠሩ መርከቦች ነበር፤ መርከቦቹም እስከ ጋምቤላ የሚዘልቁት ባሮ በሞላበት በክረምቱ ወራትና ከእርሱ ጥቂት በኋላ ብቻ ነው። ውሃው ቀድሞ የጎደለ እንደ ሆነ ቡናው በመጋዘን ይከርማል፤ ዘግይቶ የወጣ መርከብም በአሸዋ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በዚያ ወራት የባሮ አንድ ክንድ መውረድ በጎሬ ገበያ የቡናን ዋጋ የሚነካ ነገር ነበር። የጋምቤላ ጣቢያ በ1949 ዓመተ ምሕረት፥ ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ፥ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። መሬቱ ተመለሰ፤ የግማሽ መቶ ዓመት የውሃ መዝገብ ግን ከካርቱምና ከካይሮ መዝገብ ቤት አልተመለሰም፤ በመጽሐፍ ታትሞ ለገዛው ሁሉ ይነበባል እንጂ።

ይህን ማንሣት የጻፉትን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም። እነርሱ ሥራቸውን ሠሩ። ከመካከላቸው ሃሮልድ ኸርስት የተባለው እንግሊዛዊ በ1906 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ወደ ግብፅ መጥቶ ዕድሜውን በዓባይ ልክ ላይ አሳለፈ፤ ግብፆችም አቡ ኒል፥ ማለት የዓባይ አባት፥ ብለው ሰየሙት። በጋምቤላና ባሮ ከፒቦር በሚቀላቀልበት አፍ ላይ የተጻፉት ሁለት መዝገቦች ጎን ለጎን በተያዙ ጊዜ አንድ ትልቅ ነገር ታወቀ፤ ይኸውም በጋምቤላ ከሚያልፈው ውሃ ሩብ ያህሉ በመንገድ ላይ ከወንዙ ወጥቶ በሜዳውና በማቻር ረግረግ መቅረቱ ነው። በአንዱ ስፍራ ብቻ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚያውቅ አይኖርም ነበር። ለዚህ ሥራ የተፈለገው ጥበብ ምን ያህል ነው ቢባል፥ ቁጥር የተጻፈበት በትር፥ አንድ ደብተርና ሳይታክት የሚያነብ ሰው ነው።

አሁንም በደቡብ ምዕራብ ያሉት የመለኪያ ስፍራዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ካሉትም መዝገብ ብዙው ክፍተት አለበት። አንዳንድ ገዥዎች ይህን ሲሰሙ፥ «መሐንዲሶች መጥተው ለክተው ሄደዋል፤ ወረቀቱም አለ» ይላሉ። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ አነጋገር ነው። አንድ ጊዜ የተለካ ወንዝ እንደ ተለካ ይቆጠራል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ መለካት ምን ያህል እንደሚያታልል ከወንዝ የሚበልጥ ውሃ የለኩ ሰዎች የደረሰባቸውን ማየት ይጠቅማል።

በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የሞቀውን ውሃ ወደ ሰሜን፥ የቀዘቀዘውንም በጥልቁ ወደ ደቡብ የሚመልስ ታላቅ ጅረት አለ። የሰሜን ኤውሮጳ አየር የሚለዝበው በከፊል በእርሱ ነው። ልኩ በወንዝ መስፈሪያ አይነገርም፤ በሰኮንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ እየተባለ ይቆጠራል እንጂ። ሊቃውንት በመርከብ እያቋረጡ ይህን ጅረት በ1957፥ በ1981፥ በ1992፥ በ1998 እና በ2004 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ለኩት። አምስቱን ልክ ባነጻጸሩ ጊዜ ጅረቱ በሰኮንድ ከ23 ሚሊዮን ገደማ ወደ 15 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ወርዶ አገኙት፤ በ2005ም ከሦስት እጅ አንድ እጅ ያህል ጐደለ ብለው ጻፉ፤ ዓለምም ደነገጠ። ነገር ግን በ2004 በዚያው ስፍራ ከአፍሪካ ዳርቻ እስከ ባሃማስ ድረስ መለኪያዎች በባሕሩ ውስጥ ተተክለው ያለማቋረጥ መጻፍ ጀምረው ነበርና፥ የአንዱ ዓመት መዝገብ በተነበበ ጊዜ ጅረቱ በዚያ በአንዱ ዓመት ውስጥ ብቻ ከ4 ሚሊዮን እስከ 35 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ሲወርድና ሲወጣ ታየ። እንግዲህ በ47 ዓመት ውስጥ የተደረጉት አምስት ልኮች ጅረቱ ስለ መድከሙ ሊናገሩ አይችሉም ነበር፤ መርከቡ የደረሰበት ወር ብቻ ሊሆን ይችላልና። ሊቃውንቱ አልዋሹም፤ መሣሪያቸውም አልተበላሸም፤ የሚለዋወጠውን ነገር እንደማይለዋወጥ አድርገው ለኩት እንጂ።

ከዚያው ባሕር ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ለአገር ገዥ ይህኛው ይበልጥ ይስማማል። በፍሎሪዳና በባሃማስ መካከል ለስልክ ንግግር የተዘረጋ ሽቦ ነበረ። ጨው ያለበት ውሃ በምድር የማግኔት ኃይል ውስጥ ሲያልፍ በሽቦው ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ያሳድራል፤ ጅረቱ ሲበረታ ይበዛል፥ ሲደክም ያንሳል። ይህን አስተውለው ከ1982 ጀምሮ በየዕለቱ ጻፉት፤ የዚያ ጅረት አማካይ ልክ በሰኮንድ 32 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል መሆኑ የታወቀውም በዚህ ነው። አዲስ ሽቦ አልዘረጉም፤ በስፍራው ያለውን ተጠቀሙበት እንጂ። በቴፒና በሚዛን ወረዳዎችም ድልድይ አለ፥ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለ፥ ወፍጮ ቤት አለ፥ ትምህርት ቤት አለ፤ እነዚህ ሁሉ በወንዝ ዳር የቆሙ ናቸውና መለኪያ ሊሆኑ ይችላሉ።

መርከብና ገንዘብ ያላቸው ሰዎች በአምስት ልክ ከተታለሉ፥ በጥር ወር ከአዲስ አበባ መጥቶ ግማሽ ቀን በወንዝ ዳር የቆመ መሐንዲስ ምን ያውቃል? በነሐሴ የመጣ እንደ ሆነ ወንዙን ያለ ልክ ትልቅ ያደርገዋል፤ በየካቲት የመጣ እንደ ሆነ ያሳንሰዋል። ከሁለቱ ግን የከፋው በነሐሴ የመጣው ነው፤ እርሱ የጻፈውን አይቶ ሰው ይበደርበታል፥ ቤት ይሠራበታል፥ እርሻ ያሰፋበታልና።

ነገሩ ከቡና ጋራ የሚገናኘው በዚህ ላይ ነው። ቀዩ የቡና ፍሬ የሚለቀመውና ወደ ማጠቢያ ጣቢያ የሚሄደው ዝናሙ እየራቀ ሲመጣ ነው። እንግዲህ ውሃው በሚጎድልበት በዚያ ወራት ገፈፋውም፥ ማጠቡም፥ ቡናውን በገንዳ ማስቀመጡም ውሃ ይፈልጋል። ከገንዳ የወጣው ውሃም ከገለፈቱ ጋራ ተቀላቅሎ የኮመጠጠና የሚሸት ሆኖ ወደዚያው ወንዝ ይመለሳል። በመስከረም ሙላት ይህ ፍሳሽ ታጥቦ ይሄዳል፤ ማንም አያየውም። በታኅሣሥና በጥር ግን ወንዙ ሲቀጥን ፍሳሹ ይወፍራል፤ ከታች ያለው መንደር ከብቱን የሚያጠጣበት፥ እናቶችም እንስራ የሚሞሉበት ያው ወንዝ ነው። አንድ ባለ ጣቢያ ሲሠራ ወንዙ ይችለዋል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲጨመሩ ይችላቸው እንደ ሆነ ማን ያውቃል? ፈቃድ የሚሰጠው ሹም የሚያየው ወንዙ በሞላ ጊዜ ነው፤ ወይም ማመልከቻው በቀረበለት ቀን ነው። ሊያየው የሚገባው ግን በዓመቱ ውስጥ ውሃው እጅግ ያነሰበትን ሳምንት፥ ከዓመታትም እጅግ ያነሰበትን ዓመት ነው። ያ ቁጥር በእጁ ከሌለ የሰጠው ፈቃድ ለአንዱ ሀብት ለሌላው ክስ ይሆናል፤ ክሱም በመጨረሻ የሚመጣው ወደ እርሱ ወደ ራሱ ችሎት ነው።

ባለ እርሻዎች ደግሞ፥ «ቁጥሩ ከታወቀ ውሃ ይከለከልብናል» ብለው እንዳይፈሩ ያስፈልጋል። በእርግጥ አንዳንዱ ይከለከል ይሆናል። ነገር ግን ባልተለካ ወንዝ ላይ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰ ሰው ከላይ ሌላ ሰው ሲመጣበት መብቱን በምን ያስረዳል? «ውሃው አነሰብኝ» ማለት ምስክር አይሆንም፤ መቼ ምን ያህል ነበረ፥ ዛሬስ ምን ያህል ሆነ ይባላልና።

የአገር ሽማግሌዎችን መጠየቅ መልካም ነው፤ ሊቀርም አይገባም። ሽማግሌ ውሃው የትኛው ዛፍ ሥር እንደ ደረሰ፥ በየትኛው ዓመት ከብት እንደ ወሰደ ያሳያል፤ ድልድይ የሚሠራ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ቢሠራ ሞኝነት ነው። ሽማግሌ የማይነግረው የጉድለቱን ልክ ነው፤ ሙላት ያስፈራልና ይታወሳል፥ ጉድለት ግን በዝምታ ያልፋል። ደግሞም የሰው ዕድሜ ለዚህ አጭር ነው። ከላይ የተባለው ኸርስት በካይሮ በሮዳ ደሴት ከ7ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተጻፈውን የዓባይ ልክ መርምሮ በ1951 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር እንዳስታወቀው፥ የጥጋብ ዓመቶች ተከታትለው ይመጣሉ፥ የጉድለት ዓመቶችም እንዲሁ ተከታትለው ይመጣሉ እንጂ እንደ ተጣለ ዕጣ አይቀላቀሉም። ይህን የዮሴፍን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ አይደነቅበትም። ለሥራ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ስድስትና ሰባት ዓመት የተለካ ወንዝ እንኳ በጥጋቡ ወራት ብቻ ተለክቶ እንደ ሆነ ያታልላልና።

ስለ ደኑም ያለው ክርክር በዚህ ይፈታል። አንዱ ወገን፥ ደኑ ለቡና፥ ለሻይና ለእህል ስለ ተመነጠረ ምንጮች ደረቁ፥ ጎርፉም በረታ ይላል፤ ሌላው ወገን ዝናሙ ራሱ ተለዋወጠ ይላል። ሁለቱም በአደባባይ ይምላሉ። በማሻና በሸካ ያለው ደን በ2012፥ የካፋውም በ2010 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በዩኔስኮ መዝገብ የገባ ነው፤ ዓለም የመሰከረለትን ደን ዋጋ ለገበሬው ለማስረዳት ከደኑ በታች ያለውና ከተመነጠረው ስፍራ በታች ያለው ወንዝ ሁለቱም በበጋ ምን ያህል እንደሚፈሱ ጎን ለጎን ጽፎ ማሳየት ከብዙ ስብከት ይሻላል። ምናልባት የሚገኘው መልስ ሁለቱንም ወገን የማያስደስት ይሆናል፤ ቢሆንም መልስ ነው።

አለካኩ ለማንም የሚከብድ አይደለም። ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚሄድበትና ዳርቻው የጸና ስፍራ ይመረጣል። በሴንቲ ሜትር የተከፈለ በትር በጽኑ ድንጋይ ወይም በድልድይ ምሰሶ ላይ ይታሰራል፤ ጧት በ12 ሰዓትና ማታ በ12 ሰዓት ውሃው የነካው ቁጥር ይጻፋል። ይህ ከፍታውን ይናገራል። የሚፈሰውን ልክ ለማወቅ ደግሞ የወንዙ ስፋት በገመድ፥ ጥልቀቱም በየሜትሩ በበትር ይለካል። ከዚያ በዳርቻው 20 ሜትር ተለክቶ አንድ ብርቱካን በመካከል ይጣልና የሚወስደው ጊዜ በሰዓት ይታያል። ለምሳሌ ስፋቱ 12 ሜትር፥ አማካይ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር የሆነ ወንዝ ብርቱካኑን በ25 ሰኮንድ ቢወስደው፥ ፍጥነቱ በሰኮንድ 0.8 ሜትር ነው። የላዩ ውሃ ከሥሩ ውሃ ይልቅ ስለሚፈጥን ይህ በ0.85 ተባዝቶ 0.68 ይሆናል፤ በ6 ሜትር ካሬ ሲባዛ በሰኮንድ 4 ሜትር ኩብ፥ ማለት 4,000 ሊትር ያህል ይሆናል። የሠለጠነ ሰው በሚሽከረከር መለኪያ ቢያደርገው ይበልጥ ይታመናል፤ ብርቱካኑ ግን ከምንም ይሻላል። ይህ በጉድለትም፥ በመካከልም፥ በሙላትም ጊዜ ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ከፍታንና ፈሳሽን የሚያገናኝ ሠንጠረዥ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ በትሩን ብቻ ማንበብ ይበቃል። ጎርፍ የወንዙን ሥር ስለሚፍቅ ግን ሠንጠረዡ በየዓመቱ መታደስ አለበት። ከፍታው እጥፍ ቢሆን ፈሳሹ እጥፍ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብም ይሳሳታል፤ ፍጥነቱ አብሮ ይጨምራልና ከእጥፍ ይበልጣል።

የሚያነበው ሰው ከሩቅ የሚመጣ ሊሆን አይገባም። በወንዙ ዳር የሚኖር ባለ ወፍጮ፥ የጣቢያ ዘበኛ፥ ወይም አስተማሪ ከተማሪዎቹ ጋራ ሊያደርገው ይችላል። የሚከፈለው ጥቂት ነው፤ ጥቂት በመሆኑም ሳይከፈል ይረሳል፤ ሳይከፈለው የቀረ ሰው ደግሞ ወንዙን ከቤቱ ሆኖ ያነብበዋል። ደብተሩን የሚመረምር ሹም ይህን በቀላሉ ያውቃል፤ ሠላሳ ቀን በአንድ ቁጥር ላይ ተጽፎ ቢያገኘው፥ የቆመው ወንዙ አይደለም፥ ጸሐፊው ነው። ያን ጊዜ ሰውየውን ከመቅጣት በፊት ደመወዙ በምን ወር እንደ ተከፈለው መጠየቅ ይሻላል። የደብተሩም ግልባጭ በወረዳው ይቅር፤ ሁሉ ወደ ላይ ተልኮ በወረዳው አንድ ወረቀት የማይገኝ ከሆነ ወረዳው መዝገቡን እንደ ራሱ አይቈጥረውም።

የናይል ተፋሰስ አገሮች የትብብር ስምምነት በጥቅምት ወር 2017 ዓመተ ምሕረት ጸንቶአል። የውሃ ድርሻ በሚነገርበት ጉባኤ ላይ የባሮና የጊሎ ልክ ሲጠየቅ ከሌላ አገር መጽሐፍ ገልጦ መመለስ ለኢትዮጵያ አይገባትም። ይህ የሚሠራው በጉባኤው አዳራሽ አይደለም፤ በቴፒና በሚዛን፥ በጉራፈርዳና በማሻ ወንዞች ዳር ነው።

በትሩ የሚተከልበት ጊዜም ሁሉ አይደለም። የበትሩ መጀመሪያ ቁጥር ከዝቅተኛው ውሃ በታች መዋል አለበት፤ ይህም የሚቻለው ወንዙ በቀጠነበት በጥርና በየካቲት ነው። የመጋቢት ዝናም ከጀመረ በኋላ ሥሩ አይታይምና፥ ሥራው ለሚመጣው በጋ ያድራል፤ የአንድ ዓመት ጉድለትም ሳይጻፍ ያልፋል።